አይረን ማንን ለጊዜው ተዉት

አንድ ቁም ሳጥን ላይ አንድ የራስ ቁር ተቀምጧል። የማን ቁም ሳጥን እንደሆነ አንናገርም፤ ባለቤቱ ከእኛው አንዱ ነው። ቁሩ ከወረቀት የተሠራ ነው። ግማሹ ቀይ ተቀብቷል፣ ግማሹ ነጭ እንደሆነ ቀርቷል። የግራ ጉንጩ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ዓይኖቹ ሊበሩበት ታስቦ የነበረው ቦታ ላይ ሁለት ባዶ ቀዳዳዎች አሉ። የቤቱ እናት አቧራ ባነሱ ቁጥር "ይኼን ነገር መቼ ነው የምትጥሉት?" ይላሉ። እኛም "እንጨርሰዋለን እትዬ" እንላለን። አንጨርሰውም። እሳቸውም ያውቃሉ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አምስት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ እንገናኛለን። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውን የመጀመሪያውን የአይረን ማን ፊልም ስንት ጊዜ እንዳየነው መቁጠር ትተናል። አንድ ቀን በቤት ውስጥ ሊሠሩ የሚችሉ የፊልምና የጌም ዕቃዎች ዝርዝር እጃችን ገባ። ከራስ ቁሩ አጠገብ "መካከለኛ" የሚል ተጽፏል። ራሳችንን መካከለኛ ብለን የማንሾምበት ምክንያት አልነበረንም፤ ጀማሪ መባልን ማን ይወዳል? ንድፉን በወፍራም ወረቀት አሳተምን። ሁለት ወር ሙሉ ቆረጥን፣ አጠፍን፣ አጣበቅን። ቅርጹ ሲወጣ ፎቶ ተነሳን። ከዚያ ለማጠንከር ሬዚን ቀባነው። ወረቀቱ ሬዚኑን ጠጣና ለሰለሰ፤ እንደ ተጣመመ ደረቀ። ከውስጥ ድጋፍ እንደሚያስፈልገው፣ በአንዴ ሳይሆን በስሱ እየተደጋገመ እንደሚቀባ የተማርነው ከጠመመ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። ወረቀት ነው፣ ይጣላል። የከፋው ከመካከላችን ብዙውን የቆረጠው፣ ጣቱ ላይ ሦስት ፕላስተር የለጠፈው ጓደኛችን የተናገረው ነው። "እኔ እጅ የለኝም" አለ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት መቁረጫ አልጨበጠም።

ይህ ጽሑፍ በዚያች አጭር ዓረፍተ ነገር ምክንያት የተጻፈ ክስ ነው።

ተከሳሾቹ

ተከሳሾቻችን ሁለት ናቸው። አንደኛው ዝርዝሩ ነው። በዚህ የትርፍ ጊዜ ሥራ ውስጥ የገባ ሁሉ ያውቀዋል፤ "ለጀማሪ፣ ለመካከለኛ፣ ለባለሙያ" እያለ ዕቃዎቹን በሦስት መደርደሪያ ይደረድራል። ሁለተኛው ደግሞ ዝርዝሩን የሚንቀው፣ "የምትወደውን ሥራ፣ ፍቅር ካለህ የማይቻል የለም" እያለ ትከሻችንን የሚመታው ወዳጃችን ነው። አንዱ በውሸት ካርታ ይመራናል፤ ሌላው ካርታ አያስፈልግም ይለናል። ውጤታቸው አንድ ነው። ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠ ግማሽ ቁር።

የዝርዝሩን ስህተት ባጭሩ እንናገር። ዝርዝሩ ዕቃው ላይ ደረጃ ይለጥፋል፤ ደረጃ ግን የዕቃው አይደለም። ደረጃ የሚለካው በምን ትሠሩታላችሁ፣ ፊቱ ምን ያህል ለስላሳ መሆን አለበት፣ ሰው ይለብሰዋል ወይስ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ከምን ያህል ርቀት ይታያል በሚሉ ጥያቄዎች ነው። ያው የአይረን ማን ቁር ለስድስት ዓመት ልጅ ልደት ከካርቶን ሲሠራ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። የሚከፈት ፊት፣ የሚበራ ዓይንና እንደ መኪና የሚያብለጨልጭ ቀለም ያለው ሆኖ ሲሠራ ደግሞ የዓመት ሥራ ነው። "የአይረን ማን ቁር፦ መካከለኛ" ብሎ መጻፍ "ቤት መሥራት፦ መካከለኛ" እንደማለት ነው። የትኛውን ቤት?

ለስላሳው ነገር ይገድላል

ዝርዝር አዘጋጆች የሚሳሳቱበት አንድ ወጥ መንገድ አለ። ቀላል የሚመስለውን ቀላል፣ የተወሳሰበ የሚመስለውን ከባድ ይላሉ። የካፒቴን አሜሪካን ጋሻ ተመልከቱ። ክብ ነው። ቀለሞቹ ሦስት ናቸው። መሐሉ ላይ ኮከብ አለ። ምን ይከብዳል? የሚከብደው ሌላ ምንም ነገር አለመኖሩ ነው። ዓይን የሚሸሸግበት ቦታ የለም። ክቡ ትንሽ ከተንጋደደ ይታያል። ጉብታው ላይ የቀረች አንዲት ጭረት በሚያብረቀርቅ ቀለም ሥር እንደ ጠባሳ ትወጣለች። የሚያብለጨልጭ ቀለም ስህተትን አይሸፍንም፤ ያጎላል እንጂ። ግድግዳ ያስቀባ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። መስኮቱ ሲከፈትና ብርሃን በጎን ሲገባ ስቱኮው የት እንደጎደለ ግድግዳው ራሱ ይናገራል።

አሁን ደግሞ የስታር ዋርሱን ቦባ ፌት አስቡ። ቁሩ የተላላጠ፣ የተቧጨረ፣ ጎኑ ላይ የተሰረጎደ ነው። በዝርዝሩ ላይ "ለባለሙያ" ይባላል። እርግጥ ነው፣ ትክክለኛውን እያንዳንዷን ጭረት ልገልብጥ ላለ ሰው የባለሙያ ሥራ ነው። ቆሻሻ ግን መሐሪ ነው። እጃችሁ ከሳተ፣ ያ ስህተት ጦርነት ላይ የደረሰ ጉዳት ይሆናል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለም ለሚይዝ ሰው የዛገ፣ ያረጀና የተጨማለቀ ነገር ከአዲስና ከሚያብለጨልጭ ነገር አሥር እጥፍ ይሻለዋል። ዝርዝሩ ይህን አይነግራችሁም፤ ሲያዩት የተጨናነቀ ነገር ያስፈራዋልና።

ሁለተኛው ወጥመድ ሁለት እኩል ጎን ነው። ፊት፣ ጭንብል፣ የራስ ቁር፣ ግራና ቀኙ አንድ መሆን ያለበት ማንኛውም ነገር ጀማሪን ያዋርዳል። የሰው ዓይን የፊትን መጣመም ለማየት ማንም ማስተማር አያስፈልገውም። የእኛም ቁር የሞተው እዚያ ነው። ዱላ፣ ጠርሙስ፣ ሳጥን፣ መጽሐፍ፣ ሜዳሊያ ቢሆን ኖሮ ያንኑ ያህል መጣመም ማንም አያይበትም ነበር።

ፊልም ሠሪዎቹ ራሳቸው

ፊልም ላይ የምናመልካቸው ዕቃዎች በምን እንደተሠሩ ማወቅ ነውራችንን ያቀልልናል። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው ስታር ዋርስ ላይ ሉክ ስካይዎከር የያዘው የብርሃን ሰይፍ እጀታ ግራፍሌክስ የተባለ የድሮ ካሜራ የፍላሽ መያዣ ነው። የፊልሙ የመድረክ ዕቃ አዘጋጅ ሮጀር ክርስቲያን ለንደን ውስጥ ከአንድ የፎቶ ዕቃ ሱቅ አገኘው፤ መጨበጫው ላይ ጥቁር ጥብጣቦች ለጠፈበት፤ ከኪስ ማስሊያ ማሽን ላይ የተገኘች ቁራጭ ጨመረበት። አለቀ። የዓለም ወጣት ሁሉ የተመኘው መሣሪያ ይኸው ነው።

ብቻውን አይደለም። በ1960ዎቹ የስታር ትሬክ ተከታታይ ፊልም ዶክተር ማኮይ ሕመምተኞቹን የሚያክምባቸው አንዳንድ መሣሪያዎች የጨው መነስነሻዎች ነበሩ። በ1999ኙ የስታር ዋርስ ፊልም ላይ የጄዳዩ መምህር የሚነጋገርበት መሣሪያ የተቀዳው ከሴቶች ምላጭ መያዣ ላይ ነው። በ1980ው ፊልም አንድ ሰው ከተማው ሲወረር አቅፎት የሚሮጠው "ውድ ዕቃ" የአይስክሬም መሥሪያ ነው። በ1939ኙ የኦዝ ጠንቋይ ፊልም ዶሮቲ ያደረገቻቸው ቀይ ጫማዎች ቀይ የተነከሩ ተራ ጫማዎች ናቸው፤ ላያቸው ላይ የሚያብለጨልጭ ጌጥ የተሰፋበት ስስ ጨርቅ ተደርቦባቸዋል። ከእነዚያ ጫማዎች አንዱ ጥንድ እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. በጨረታ ከነክፍያው 32.5 ሚሊዮን ዶላር አወጣ።

እንግዲህ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ እኛ እንግዳ ነን ወይ? መርካቶ ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው ከወዳደቀ ብረት ምድጃ፣ ከበርሜል ምጣድ፣ ከጎማ ጫማ ሲወጣ አይቷል። አንድን ዕቃ አይቶ ሌላ ዕቃ የሚታየው ዓይን እዚያ አለ። የሮጀር ክርስቲያን ጥበብም ከዚህ ዓይን የራቀ አይደለም።

ከፊልም ሠሪዎቹ የምንማረው ሌላ ትልቅ ነገር አለ። አንድን ዕቃ አንድ ጊዜ ብቻ አይሠሩትም። ካሜራው ተጠግቶ የሚያየው አንድ፣ ተዋናዩ ሲወድቅ እንዳይጎዳው ከጎማ የሚሠራ ሌላ፣ ከኋላ ለቆሙት አጃቢዎች የሚሰጥ ርካሽ ደግሞ ሌላ ነው። ሦስቱም ፊልሙ ላይ "ያው ሰይፍ" ናቸው። የስቶርምትሩፐር ነጭ ቁር ጉዳይ በእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ሲጓተት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲወስን ቁሩ ቅርጻ ቅርጽ አይደለም፣ ለፊልሙ ሥራ ያገለገለ ዕቃ ነው ብሏል። ሕጉን ለጠበቆች እንተወው። ለእኛ ግን ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ ባለሙያዎቹ ራሳቸው "ምን ያህል ቀርቦ ይታያል?" ብለው ጠይቀው ነው የሚሠሩት። እኛ ጀማሪዎቹ ደግሞ ካሜራው አፍንጫው ሥር የሚገባበትን ዓይነት ካልሆነ አንሠራም እንላለን። ከአጃቢው ዕቃ ጀምሩ። ከሦስት እርምጃ ርቀት የሚያምን ነገር ሥሩ። ሁለተኛውን ስትሠሩ ሁለት እርምጃ ይበቃዋል።

ጌም ግን ሌላ አገር ነው

የጌም ዕቃን ከፊልም ዕቃ ጋር በአንድ መደርደሪያ መደርደር የዝርዝሮቹ ሌላ ጥፋት ነው። የፊልም ዕቃ ቢያንስ አንድ ቀን አንድ ሰው በእጁ ይዞት ነበር። ክብደት ነበረው። የጌም ዕቃ ግን ስበት በሌለበት አገር የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣውን ፋይናል ፋንታሲ 7 የተጫወተ ሰው የክላውድን ሰይፍ ያስታውሳል፤ ቁመቱ የሰው ያህል፣ ስፋቱ የጣውላ ያህል ነው። በእውነተኛ እንጨት ብትሠሩት ተሸክማችሁት ሳይሆን ተሸክሟችሁ ትወጣላችሁ። የሄሎው ማስተር ቺፍ ከነጦር ልብሱ ከ2 ሜትር በላይ ነው፤ ልብሱን በመጠኑ ሠርቶ የለበሰ አጭር ሰው የአባቱን ካፖርት የደረበ ልጅ ይመስላል። ከመቁረጥ በፊት መጠን ማስላት አለ። ይህ ደግሞ ማንም "ችሎታ" ብሎ ያልቆጠረው ትልቅ ችሎታ ነው።

በሌላ በኩል ጌም ለጀማሪ ከፊልም የበለጠ ደግ የሚሆንበት ቦታ አለ። ማይንክራፍት ውስጥ የያዛችሁት ሰይፍ ወይም ዶማ የተሳለው 16 በ16 በሆኑ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ነው። ካሬ ደብተር፣ ማስመሪያ፣ ካርቶንና መቁረጫ ያለው ሰው ትክክለኛውን አምሳያ ይሠራል። "ትክክለኛውን" ስንል የምራችንን ነው፤ ካሬዎቹን ቆጥራችሁ ከሠራችሁት ከዋናው የሚለይበት ነገር የለም። ለጀማሪ ከዚህ የበለጠ ስጦታ ከወዴት ይመጣል? ቀጥ ያለ መስመር መቁረጥ ይማራል፣ ጫፍ ማጽዳት ይማራል፣ ይጨርሳል።

ከፎልአውት ጌም ደግሞ ሁሉም ሰው በክንዱ የሚታሰረውን ባለ ስክሪን መሣሪያ፣ ፒፕቦይን፣ ለመሥራት ይሮጣል። ክንድ ላይ የሚገባ፣ የሚበራ፣ ማጠፊያ ያለው ነገር! በዚያው ጌም ውስጥ ግን መገበያያው ገንዘብ የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ነው። ቆርኪ! ከየሱቁ ደጅ የሚለቀም ነገር። የታጠበ ቆርኪ፣ ቀይ ቀለም፣ ቀጭን ብሩሽ፣ ትንሽ ቡናማ ለዝገቱ። ዋናውም ቆርኪ፣ አምሳያውም ቆርኪ።

"የምወደውን ነው የምሠራው"

እዚህ ላይ ሁለተኛው ተከሳሽ እጁን ያወጣል። "እናንተ ሰዎች ሕልም ትገድላላችሁ። ሰው ለማይወደው ነገር ሁለት ወር አይደክምም። እኔ ቆርኪ አልወድም፤ አይረን ማንን ነው የምወደው" ይላል። ክርክሩ ባዶ አይደለም። እውነት ነው፣ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ ለአራተኛ ጊዜ አንድ ጠርዝ የሚያሽ ሰው ከፍቅር በቀር የሚያቆመው የለም። ለማይወዱት ዕቃ "መለማመጃ ነው" ብሎ መሥራት የቤት ሥራ ይሆናል፤ የቤት ሥራ ደግሞ ትምህርት ቤት በቅቶናል።

ነገር ግን ይህ ወዳጃችን ፊልሙን በደንብ አላየውም። ቶኒ ስታርክ ራሱ ከምን ጀመረ? ዋሻ ውስጥ፣ ከተለቃቀመ ብረት፣ በመዶሻ እየቀጠቀጠ። የመጀመሪያው ልብሱ አስቀያሚ ነበር፤ ጥቂት በርሮ ወደቀ፣ ተበታተነ። ቤቱ ሲመለስ ደግሞ ቀዩን ልብስ በአንድ ቀን አልለበሰም። መጀመሪያ ጫማውን ሞከረ፣ ጣሪያ መታ። ቀጥሎ እጁን። ቀይና ወርቃማው ልብስ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አይረን ማንን እወዳለሁ የምትል ሁሉ፣ አይረን ማን ያደረገውን አድርግ!

ከሚወደው ፊልም ሳይወጡ ትንሹን ዕቃ መፈለግ ይቻላል። ደንባችን ይኼ ነው። አይረን ማን ከሆነ ቁሩን ትታችሁ ደረቱ ላይ የሚበራውን ክብ ሥሩ፤ ጠፍጣፋ ነው፣ ዙሪያውን የሚደጋገም ነው፣ አይለበስም። ሃሪ ፖተር ከሆነ የአስማቱ ዘንግ አለ፤ የቻይና ምግብ መብያ ቾፕስቲክ ላይ ትኩስ ሙጫ እያንጠባጠቡ ቅርጽ አውጥቶ ቡናማ መቀባት ነው። ኢንዲያና ጆንስ ከሆነ ጅራፉን ተዉትና የአባቱን ማስታወሻ ደብተር ሥሩ፤ ወረቀቱን በሻይ እየነከራችሁ አስረጁት። ብሌድ ራነርን (1982 እ.ኤ.አ.) የሚወድ ሁሉ ወደ ሽጉጡ ይሮጣል፤ የዚያ ፊልም ምሥጢር የተቋጠረው ግን ከወረቀት በታጠፈች አንዲት ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ ላይ ነው። ወጪው አንድ ወረቀት።

የሽጉጡ ነገር ከተነሳ፣ የዕቃ አምሳያ በመሥራት በዓለም የታወቀው የሚዝባስተርሱ አዳም ሳቬጅ ያንን ሽጉጥ በብዙ ዓመታት ውስጥ ደጋግሞ ሠርቶታል። የማልታውን ጭልፊት ሐውልት ደግሞ መጀመሪያ በእጁ ቀረጸው፣ ቆይቶ የተሻለ መረጃ ሲያገኝ እንደገና ሠርቶ በነሐስ አስወረደው፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. ባደረገው ንግግር ራሱ ተርኮታል። ለሆሊውድ ሞዴል ሲሠራ የኖረ ሰው ደጋግሞ ከሠራ፣ እኛ በመጀመሪያው ካልተሳካ ብለን የምናለቅሰው ማን ሆነን ነው?

አንድ አዲስ ነገር ብቻ

ዝርዝሩን ካፈረስን ሌላ ነገር መትከል አለብን። የእኛ መሰላል ዕቃን አይደረድርም፤ የእጅ ሥራን ይደረድራል። ሕጉም አንድ ነው፦ በአንድ ሥራ ላይ ከአንድ በላይ አዲስ ነገር አትጫኑ።

የመጀመሪያው እርከን መቁረጥና መቀባት ነው። ካርቶን፣ ወረቀት፣ ቆርኪ፣ የማይንክራፍት ዶማ።

ሁለተኛው ጠፍጣፋውን ማጉበጥ ነው። የልጆች ክፍል ወለል ላይ የሚነጠፈው እየተገጣጠመ የሚሄድ ፎም ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። በስለት ይቆረጣል፣ በሙቀት ይጎብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይይዛል። ማጣበቂያው ጫማ ሰፊ ሁሉ የሚያውቀው ማስቲሽ ነው፤ ሁለቱንም ፊት ቀብቶ፣ ትንሽ አድርቆ፣ ከዚያ አንዴ መግጠም። ማስቲሽ ይቅርታ የለውም፤ ከገጠመ ገጠመ። የእጅ መከላከያና የትከሻ ጋሻ እዚህ ይሠራሉ። ቁር ገና ነው።

ሦስተኛው ፊትን ማስተካከል ነው። መሙላት፣ ማሸት፣ እንደገና መሙላት፣ እንደገና ማሸት። ሻካራው ብርጭቆ ወረቀት ይቀድማል፣ ለስላሳው ይከተላል፤ ቅደም ተከተሉን መዝለል ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ያስከፍላል። የብርሃን ሰይፉ እጀታ ቦታው እዚህ ነው። የፕላስቲክ ቧንቧ፣ የእቃ ማጠቢያ ቱቦ ቁርጥራጭ፣ የጎማ ጥብጣብ። ብዙ ሰው የሚሸሸው ይህን እርከን ነው፤ ምንም የሚታይ ነገር ሳይፈጠር ክንድ ብቻ ስለሚዝል። ባለሙያን ከጀማሪ የሚለየው ግን እዚሁ ያለው ትዕግሥት ነው።

አራተኛው ቅርጽ ገልብጦ ማውጣት ነው፤ በጄሶ ወይም በሲሊኮን ሻጋታ ሠርቶ ማፍሰስ። አምስተኛው የሚበራ፣ የሚንቀሳቀስና የሚለበስ ነገር ነው። የራስ ቁር፣ የሚከፈት ፊት፣ ሽቦና ባትሪ፣ በሰው አካል ልክ መስፋት። አሁን የእኛን ሥራ በዚህ መሰላል መዝኑት። መጉበጡ አዲስ፣ ሬዚኑ አዲስ፣ ማስተካከሉ አዲስ፣ ሁለት እኩል ጎኑ አዲስ፣ መብራቱ አዲስ። በአንድ ቁር አምስት አዲስ ነገር! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖልን አምሳያ ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። እሱም እንግዲህ አምሳያ ነው፤ ዋናው መቅደላ ነው ያለው። ያንን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ስንተርክ ግን መሐሉን እንዘላለን። ጋፋት ላይ መጀመሪያ የከሸፈ ሙከራ ነበር፤ ቀጥሎ ትንንሽ መድፎች ነበሩ፤ ሴባስቶፖል ከእነሱ በኋላ መጣ። አፄ ቴዎድሮስን የሚያህል ትዕግሥት የለሽ ሰው ከትንሹ ከጀመረ የእኛ መቸኮል ምን ይባላል?

ማሽኑ ይሠራዋል ለሚሉ

"ይኼ ሁሉ የድሮ ወሬ ነው፤ አሁን ሦስት ገጽታ ያለውን ነገር የሚያትም ማሽን አለ" የሚሉም አሉ። ማሽኑን አንጠላም። ቢሰጠን እንስማለን። ማሽኑ ግን ችሎታን አያስቀርም፤ ቦታውን ያዛውራል። ከውስጡ የሚወጣው ነገር ፊቱ ሁሉ በስስ መስመር የተሸነተረ ነው። እነዚያን መስመሮች የሚያጠፋው ያው ብርጭቆ ወረቀት፣ ያው መሙያ፣ ያው ክንድ ነው። ማሽኑ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን እርከን ይዘልላችኋል፤ ሦስተኛው ላይ ያለ ዝግጅት ይጥላችኋል። ለዚህም ነው ሥርዓት ያለው ቅርጽ ይዞ ፊቱ እንደ በቆሎ የተሸነተረ ስንት ቁር በየቤቱ ያለው።

ተሠርቶ ያለቀውን የሚገዙትን አንከስም። መግዛት ኃጢአት አይደለም። እየገዙ "ሠራሁት" ማለት ግን ሌላ ነው።

ስለ ጠመንጃ

አንድ ነገር ያለ ቀልድ እንበል። ዝርዝሮቹ ሁሉ በሽጉጥና በጠመንጃ የተሞሉ ናቸው፤ የሚጽፏቸው ሰዎች የሚኖሩበት አገርም ሌላ ነው። እዚያም ቢሆን የአሜሪካ ሕግ የመጫወቻ ጠመንጃ አፉ ላይ ብርቱካናማ ምልክት እንዲኖረው የሚያዘው በከንቱ አይደለም። በእኛ ከተማ ጠመንጃ የሚመስል ነገር በፌስታል ይዞ ታክሲ የሚሳፈር ልጅ "ፎም ነው" ብሎ የሚያስረዳበት ጊዜ ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ በእኛ መሰላል ላይ ጠመንጃ የሚመስል ዕቃ በየትኛውም እርከን የለም። የሚሠራ ቢኖር ከቤት አያውጣው።

እንዲሁም ሬዚን፣ ስፕሬይ ቀለምና ማስቲሽ የሚሸቱት በከንቱ አይደለም። በተዘጋ ክፍል አይሠራባቸውም። የሚታሸው ነገር አቧራም ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ አፍና አፍንጫ ይሸፈን። "ለጀማሪ" ብለው ሬዚን የሚያዙ ዝርዝሮች ይህን በአንድ መስመር እንኳ አይጽፉም፤ ቅር ከሚሉን ነገሮች ሁሉ ይህ ይበልጣል።

"እጅ የለኝም"

ወደ ጓደኛችን እንመለስ። "እጅ የለኝም" የምትለው ቃል ከየት መጣች? ከአንድ የከሸፈ ቁር ብቻ አልመጣችም። እኛ በእጁ የሚሠራን ሰው ስንሰድብ የኖርን ሰዎች ነን። ብረት የሚሠራውን ቀጥቃጭ፣ ቆዳ የሚሠራውን ፋቂ፣ ሸክላ የምትሠራውን ቡዳ ስንል ኖረናል። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ ቢያገኙት ነው። ዛሬ በግልጽ አንሰድብም። ጎበዝ ተማሪ ግን ቢሮ እንጂ ወርክሾፕ እንዲገባ አንመኝለትም፤ ቤት ውስጥ መዶሻ የሚያነሳ ልጅ "ተው፣ ትቆረጣለህ" ይባላል። ስለዚህ ከተማ ያደግነው ልጆች ሃያ ዓመት ሲሞላን መቁረጫ የምንጨብጠው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እጅ ስለሌለን አይደለም፤ እጃችን ትምህርት ቤት ስላልገባ ነው።

እንዲህ ያለውን እጅ የመጀመሪያ ቀን ወስዳችሁ አምስተኛው እርከን ላይ ስትሰቅሉት ከመውደቅ በቀር ምን ያደርጋል? ሲወድቅ ደግሞ ጥፋቱ የምርጫው መሆኑን አያውቅም፤ የራሱ ይመስለዋል። በጨዋታ ስም የተሰቀለ መለስተኛ ፈተና አንድን ሰው ለዕድሜ ልኩ ከእጁ ያጣላዋል። ከዝርዝሮቹ ጋር የተጣላነው ለዚህ ነው። ለአሻንጉሊት ብለን አይደለም።

ባለፈው ክረምት ዝናብ ቤት ዘጋን። ጠረጴዛው ላይ ሃያ ቆርኪ፣ ሦስት ቀለምና አንድ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ አስቀመጥን። ጓደኛችን መጀመሪያ ስልኩን ነበር የሚያየው። ከአንድ ሰዓት በኋላ የጥርስ ብሩሹን ቡናማ ቀለም ውስጥ ነክሮ በአውራ ጣቱ እየፈናጠረ ቆርኪዎቹ ላይ ዝገት ያዘንብ ነበር። ማናችንም አላሳየነውም። የሠራው ዝገት ከእውነተኛው ዝገት አይለይም፤ እናቱ አንዱን አንስተው "ይኼ የቆሸሸ ነው፣ ልጣለው?" ብለው ጠየቁ። ከዚያ የበለጠ ምስጋና ሰምተን አናውቅም።

እጅ ነበረው። የቀለም እጅ። እኛ ያየነው ግን የመቁረጫ ሥራ ሰጥተን ነበር።

አሁን ሁለተኛው እርከን ላይ ነው፤ ከፎም የትከሻ ጋሻ እየሠራ ነው። ሰሞኑን ወደ ቁም ሳጥኑ እያየ ስለዚያ ስለ ግራ ጉንጭ ማውራት ጀምሯል፤ "ስቱኮ ቢሞላ፣ ከዚያ ቢታሽ፣ ከዚያ ያረጀ ቢመስል..." ይላል። እኛ ገና አልፈቀድንለትም። እናንተም ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ወደ ዝርዝሩ አትሂዱ። በር ላይ ወዳለው ሱቅ ውጡና አሥር ቆርኪ ልቀሙ።